ከሊብሬ እስከ ብሎክ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው መንገድ ላይ ሌላው ተሳፋሪ በቆሎውንና እንሰቱን ሲያይ፣ እኔ የፒካፕ ኋላ እያነበብኩ ሄድኩ። ይህን ሥራ የሰጡኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የአክስቴ ባል ናቸው፤ ጨንቻ ላይ ፖም ያለማሉ። ፖሙን እስከ ዛሬ ወደ አርባ ምንጭ ያወረዱት በኪራይ መኪና ነው። ኪራዩ ሲያማርራቸው ያገለገለ ቶዮታ ሀይሉክስ ሊገዙ ተነሱና አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ ሻጭ አገኙ። ደላላው በስልክ "ሞተሩ ሦስት ሺህ ነው፤ ሙሉ ሦስት ሊትር" ብሏቸዋል።

"አንተ ስለ መኪና አይደል የምትጽፈው? ከመጣህ አይቀር ሦስት ሺህ መሆኑን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ" አሉኝ።

የጠየቁት የዋዛ ነገር አይደለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። በመሀል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወደ ታች ፖም ነው የሚጫነው፤ ወደ ላይ ግን ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ ቆርቆሮውና ከቆርቆሮው በላይ የሚቀመጠው ሰው አለ። እዚያ ዳገት ላይ አንድ ሁለት መቶ ሲሲ ማነስ ማለት በሁለተኛ ማርሽ ፈንታ በአንደኛ መውጣት ማለት ሊሆን ይችላል።

የፒካፕ ኋላ ብዙ ያወራል። አዳዲሶቹ ሀይሉክሶች 2.4 ወይም 2.8 የሚል ይለጠፍባቸዋል። ከነሱ በፊት የነበረው፣ ብዙ ሰው ቪጎ የሚለው፣ 2.5 ወይም 3.0 ይላል። ዲ-ፎር-ዲ የሚለው ጽሑፍም በየመንገዱ ነው፤ ሰዉ "ዲፎርዲ ነው" ሲል ትልቅ ሞተር ማለቱ ይመስለዋል። ዲ-ፎር-ዲ ግን ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ እንደሚረጭ የሚናገር ስም ነው፤ 2.5ቱም 3.0ውም ዲ-ፎር-ዲ ናቸው። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ፕላስቲክ ነው። ገዝቶ በሙጫ መለጠፍ የሚከለክል የለም። ከሆሳዕና ወዲህ 3.0 የተለጠፈበት አንድ ሀይሉክስ ዳገት ላይ በሲኖትራክ ሲቀደም አይቻለሁ። ጭነቱን ስላላየሁ አልፈርድበትም።

ሶዶ ላይ ለምሳ ስንወርድ ከአንድ የኢሱዙ ዲማክስ ሹፌር ጋር ጠረጴዛ ተጋራን። ቁርጡን በዳጣው ሲያጠቅስ ስለ መኪናው ጠየቅኩት።

"የኔ ፎር ጄ ጄ ዋን ነው" አለ። "ሦስት ሺህ ለመባል አንድ ሲሲ ነው የጎደለው።"

እውነቱን ነው፤ 4ጄጄ1 የሚባለው ሞተር 2,999 ሲሲ ነው። ታናሹ 4ጄኤ1 2,499 ነው። ኢሱዙዎች ከፊት የሚጽፉት 4 የሲሊንደር ብዛት ነው። የሚትሱቢሺ ኤል200 ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 4ዲ56ም አራት ሲሊንደር ያለው ናፍጣ መሆኑን ስሙ ይናገራል፤ መጠኑ 2,477 ሲሲ ሲሆን 56 የሚለው ከዚህ ቁጥር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሹፌሩ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ዕቃ ሲገዛ ተሳስቶ ከከፈለው ገንዘብ ነው። "አንዴ የተሳሳተ ፋሻ ገዝተህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተመልሰህ ታውቃለህ?" ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ቡና አዘዘ።

ቶዮታ ጋ ሲደርስ ነገሩ ሌላ ነው። የፊተኛው ቁጥር ሲሊንደር አይቆጥርም፣ ሊትርም አይቆጥርም፤ ሞተሩ በቤተሰቡ ውስጥ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ልጆቹ ደግሞ ሁልጊዜ በቁመት አልተሰለፉም። ኤል የተባለው የናፍጣ ቤተሰብ የበኩር ልጁ 2,188 ሲሲ ነበር። 2ኤል 2,446 ነው፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል 2,986። ከኤል በኋላ በመጣው በኬዲ ቤተሰብ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ 1ኬዲ 2,982 ሲሲ ሆኖ 2ኬዲ 2,494 ነው። አሁን ያሉት ጂዲዎችም እንደዚያው ናቸው፦ አንደኛው 2,755፣ ሁለተኛው 2,393። እንግዲህ 2ኤል ሁለት ሊትር አይደለም፤ 3ኤልም ሦስት ሊትር አይደለም። ሦስት ሊትር ሊባል የሚገባው 5ኤል ነው።

ከሶዶ ወዲያ የአባያ ቀይ ውኃ በግራ በኩል ብቅ ሲል ደላላው "ሙሉ ሦስት ሊትር" ያለው ከየት እንዳመጣው እየጠረጠርኩ ነበር።

ከአዲስ አበባ ከመነሳቴ በፊት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ጎራ ብዬ ነበር። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ቴስታታው፣ ፖምፓው፣ ካምቢዮው፣ ኮሎው በየደጁ ተደርድሯል፤ በዘይት የጠቆረው መሬት ጫማ ይይዛል። እዚያ "የቶዮታ ፒካፕ ጓርኒሲዮን ስጡኝ" ያለ ሰው ጓርኒሲዮን አይሰጠውም፤ ጥያቄ ነው የሚሰጠው። "ሞተሩ ምንድን ነው?" ይባላል። "ሀይሉክስ ነው" ካለ እንደገና ይጠየቃል። የስንት ዓመተ ምሕረት ምርት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ አልሰማሁም፤ ቀለሙን፣ ጋቢናው ነጠላ ይሁን ደብል የሚጠይቅም የለም። አንድ ባለሱቅ የ3ኤልና የ5ኤል ፒስቶን ጎን ለጎን አቁሞ የትኛው ትልቅ እንደሆነ በዓይን እንድለይ ፈተነኝ። ልዩነታቸው ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ለብቻው ያየው ሰው አይለየውም።

"በመኪናው ስም የገዛ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል" አለኝ ባለሱቁ። "በሞተሩ ስም የገዛ ግን የሚመለሰው ሌላ ዕቃ ሲፈልግ ነው።"

ሲሲ በየቤቱ መወራት የጀመረው በጋራዥ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አውቶሞቢሎችን በ1,300 እና በ1,800 ሲሲ ከከፈላቸው ወዲህ፣ ሞተር ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ሲሲ ይከራከራል። ያ ክርክር ግን ስለ ግብር ነው። የጨንቻ ዳገት ግብር አይጠይቅም።

ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ጉዳዩን በስልክ ሲሰማ "ምን ያስቸግራል? የሻንሲ ቁጥሩን ስምንተኛ ምልክት እይ" አለኝ። እሱ የሚነዳው ፎርድ ኤፍ-150 ነው። እዚያ አገር ከ17ቱ ምልክቶች ስምንተኛው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ይናገራል፤ በኤፍ-150 ላይ ስምንተኛው ምልክት "ኤፍ" ከሆነ ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 5.0 ሊትር ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የጭስ መቆጣጠሪያ ወረቀትም መጠኑን በሊትር ጽፎታል። ጥሩ አገር ነው። ጋሼ ሊገዙት ያሰቡት መኪና ግን 17 ምልክት እንኳ የለውም፤ በብዙዎቹ አሮጌ ሀይሉክሶች ሻንሲ ላይ የተመታው የሞዴሉ ስምና አንድ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው።

ሲቀላ

ደላላው ከተነገረው ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ደላላ ቀድሞ ሲደርስ ደስ አይለኝም። ሻጩ ዕድሜው ከጋሼ ብዙም የማያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። መኪናው ነጭ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ከኋላ የብረት መደገፊያ የተበየደለት፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ አሮጌ ሀይሉክስ። ከርቀት ሲታይ ንጹሕ ነው። ቀለሙ በቅርቡ የተረጨ ስለሆነ ነው ንጹሕ የሆነው።

ሊብሬው መጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው እንደ ዳዊት ከፊት ጀምረው አነበቡት፦ የታርጋ ቁጥር፣ ቀለም፣ የመቀመጫ ብዛት፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር። የሞተር ቁጥሩ በ3ኤል ይጀምራል። ከሲሲው ጎን የተጻፈው 2779 ነው።

"ይኸው ጋሼ፣ ስሪ ኤል!" አለ ደላላው ጣቱን አኑሮ። "ሦስት ሊትር ብዬዎት አልነበር?"

"2779 ሦስት ሺህ ነው እንዴ?"

"ተጠግቶ ነዋ ጋሼ።"

"ገንዘቡንም ላጠጋጋልህ?" አሉት።

ሻጩ አልሳቀም። "እኔ የሊትሩን ነገር አላውቅም" አለ። "ጉልበቱን ግን አውቃለሁ። ጨንቻ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የሚይዝ ቦታ አለው። ከሌሎቹ ስሪ ኤሎች ይሻላል።" ይህን ሲል ማንም ልብ አላለውም፤ ሻጭ ሁሉ እንደዚያ ይላልና።

ጎረቤት ካለ ጋራዥ አንድ መካኒክ አስጠራን። ቱታው ከወገቡ በታች ብቻ ሰማያዊ የሆነ፣ ወጣት፣ ጥቂት የሚናገር ልጅ ነው። ሊብሬውን አላየም፤ "ኮፈኑን ይክፈቱልኝ" አለ።

መኪናው ፋብሪካ ሳለ ቶዮታ በሞተሩና በጋቢናው መሀል ባለው ግድግዳ ላይ በሪቬት የመታት አነስተኛ የቆርቆሮ ሰሌዳ አለች። ሞዴሉ፣ የሞተሩ ዓይነትና ሲሲው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የቀለሙ ኮድ፣ የካምቢዮው ዓይነት ሁሉ እሷ ላይ ይጻፋል። መኪና ልገዛ ነው የሚል ወዳጅ ካላችሁ መጀመሪያ የምትነግሩት ይህችን ሰሌዳ እንዲፈልግ ነው፤ ከለጠፈው ሻጭም ከሚያወራው ደላላም ትሻላለች። የዚህችኛዋ መከራ ግን ከመኪናው ጋር አብራ መቀባቷ ነው። መካኒኩ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቲነር አድርጎ አሸት አሸት አደረገና በነጩ ቀለም ሥር ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፦ ኤልኤን106፣ ቀጥሎ 3ኤል፣ ቀጥሎ 2779 ሲሲ።

ኤልኤን106 የሚለውን ማንበብ የለመደ ሰው ሊብሬም አያስፈልገው። የፊተኛው ፊደል የሞተሩ ቤተሰብ ነው፤ ኤን ሀይሉክስ ማለት ነው። ኤልኤን ሲል የኤል ቤተሰብ ናፍጣ የተገጠመለት ሀይሉክስ፣ አርኤን ሲል የአር ቤተሰብ ቤንዚን፣ ኬዩኤን ሲል ኬዲ፣ ጂዩኤን ሲል ጂዲ ነው። ኬዩኤን25 ላይ 2.5ቱ፣ ኬዩኤን26 ላይ 3.0ው ይገኛል። በ1968 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሀይሉክስ ሲወጣ አንድ ሊትር ተኩል ቤንዚን ነበር የተገጠመለት፤ ከዚያ ወዲህ ስንት የፊደል ቤተሰብ ኮፈኑ ሥር ገብቶ እንደወጣ በዚህች ሰሌዳ ታሪክ መጻፍ ይቻላል።

ሰሌዳዋና ሊብሬው ተስማሙ። ደላላው ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ ተስፋ አልቆረጠም፤ ስለ ጎማዎቹ ማውራት ጀመረ። ጋሼም ዋጋውን በ2779 ሊያወርዱ ተዘጋጁ። ለብዙ ገዢ ምርመራው እዚህ ያበቃል።

"ይሄ የሚለው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው" አለ መካኒኩ ሰሌዳዋን በጥፍሩ መታ እያደረገ። "ቆርቆሮ ቢሆንም ያው ወረቀት ነው። አሁን ያለውን የሚያውቀው ብሎኩ ነው።"

የሽቦ ብሩሽ፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅና የስልክ መብራት ይዞ ከሞተሩ ጎን አጎነበሰ። ብሎኩ ላይ የሞተሩ ቁጥር የሚመታበት ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ በሌላ ዕቃ ተከልሎ፣ ዘይትና አፈር አንድ ላይ ደርቆበት እንደ ቅርፊት ስለሚሸፍነው ካልተፋቀ አይነበብም። ራስን አስገብቶ ማንበብም አይቻልም። መካኒኩ እጁን ከነስልኩ ወደ ውስጥ ሰዶ ፎቶ አነሳ፣ አወጣ፣ አየ፣ እንደገና ፋቀ፣ እንደገና አነሳ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ለጋሼ ሰጣቸው።

ቁጥሩ በ5ኤል ይጀምራል።

ደላላው ከሁላችንም ቀድሞ ገባው። "አላልኳችሁም! ሦስት ሺህ!" ብሎ ዘለለ። እንደ ነገሩ ልክ ነው፤ 2,986 ሲሲን ሦስት ሺህ ያላለ ሰው የለም። ያለው መጠን እውነት ነበር፤ ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ግን ሌላ ነው፤ ከሊብሬው ላይ ያነበበው 3ኤል ሞተር ደግሞ ከዚህ መኪና ከወጣ ቆይቷል። ተሳስቶ እውነት የሚናገር ሰው ሳይ ምን ማለት እንዳለብኝ ይጠፋኛል።

ጋሼ ግን ደስታው አልገባባቸውም። ሊብሬውን ከስልኩ ጎን ይዘው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አዩ። "መኪናው ሁለት ሞተር አለው" አሉ። "አንዱ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ኮፈን ውስጥ።"

ሻጩ ነገሩን ሳይደብቅ አወራው። የድሮው ሞተር ኮሎው ተሰብሮ መኪናው ለብዙ ጊዜ ቆሞ ነበር። ከሐዋሳ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ አስገጠመ፤ ሥራ ጀመረ፤ ሊብሬውን ማስተካከል ዛሬ ነገ ሲል ቀረ። ሞተሩ 5ኤል መሆኑንም አላወቀም። ሲገጥሙለት ምንም ስላልተቆረጠና ስላልተበየደ ያው የበፊቱ ዓይነት ነው ብሎ ደምድሟል። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ፤ 3ኤል ከወጣበት 5ኤል ገጥሞ መቀመጡ በየጋራዡ የታወቀ ነው። በውጭም ይመሳሰላሉ፤ ቴስታታውን ያላነሳ ሰው ቁጥሩን ካላነበበ በቀር የሚለይበት ምልክት ብዙ የለውም።

"ቁጥሩ ተፍቆ ቢሆንስ ምን ታደርግ ነበር?" አልኩት መካኒኩን።

"እከፍተዋለሁ" አለ። "ኑ ላሳይዎት።"

ጋራዡ ውስጥ ቴስታታው የተነሳ ሌላ የኤል ሞተር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ካሊፐር አምጥቶ የሲሊንደሩን አፍ እንድለካ ሰጠኝ። ሒሳቡ ከስምንተኛ ክፍል የሚያልፍ አይደለም፦ የሲሊንደሩን ስፋት በራሱ ማባዛት፣ ያንን በ0.7854፣ ያንን ፒስቶኑ ከታች እስከ ላይ በሚሄደው ርቀት፣ መጨረሻ ላይ በሲሊንደሩ ብዛት። 3ኤል ስፋቱም ጉዞውም 96 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሴንቲ ሜትር 9.6 በ9.6፣ በ0.7854፣ በ9.6፣ በ4፤ ውጤቱ 2,779። 5ኤል ላይ ጉዞው ያው 96 ሆኖ ስፋቱ ብቻ ወደ 99.5 ከፍ ይላል፤ ውጤቱ 2,986። ያ ሶማሌ ተራ በዓይኔ መለየት ያቃተኝ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ አራቱም ሲሊንደር ላይ ሲሠራ ከ200 ሲሲ በላይ ይሆናል።

ለዚህም ነው መካኒኮች ፒስቶኑ የሚሄድበትን ርቀት መለካት እዚህ ላይ የማይረዳቸው። በአንዳንድ ሞተር ላይ በኢንጄክተር ቀዳዳ ሽቦ ሰድዶ የፒስቶኑን ጉዞ መገመት ይቻላል። ኤሎች ግን ናፍጣው መጀመሪያ የሚቃጠልባት ትንሽ ክፍል ቴስታታው ውስጥ ስላለቻቸው ሽቦው ቀጥ ብሎ ፒስቶኑ ላይ አይደርስም፤ ቢደርስም 3ኤልና 5ኤል በጉዞ እኩል ናቸው።

እኔ የለካሁት 96 አልመጣም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር በልጦ መጣ። መካኒኩ የፒስቶኑን አናት በጨርቅ ጠረገና 0.50 የሚል ምት አሳየኝ። ሲሊንደሩ ተበልቶ በማሽን ከሰፋ በኋላ የተገጠመ ወፍራም ፒስቶን ነው። ማስታወሻዬ ላይ እንደገና አባዛሁት፦ 2,808 ሲሲ ገደማ። ያ መኪና ሊብሬው ላይ 2779 ተብሎ ይኖራል፤ ማንም አይከሰውም፣ መከሰስም የለበትም። አንድ ሞተር ሠርቶ ሠርቶ በእርጅናው ሠላሳ ሲሲ ማደጉ ግን ደስ አሰኘኝ።

ዳገቱ

ጋሼ ወረቀቱን ለጊዜው ትተው "ይውጣና እንየው" አሉ። ሻጩ ነዳ፤ መካኒኩ ከጎኑ፣ እኔና ጋሼ ከኋላ፣ ደላላው ካሶኒው ላይ። ከዋናው መንገድ ወደ ጨንቻ ከታጠፉ በኋላ ወዲያው ነው የሚጀምረው። ሙዙና ሙቀቱ ከታች ይቀራሉ፤ ከኋላ ሁለቱ ሐይቆች፣ አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው፣ በመሀላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ኮረብታ ተዘርግቶ ይታያሉ። ሻጩ እንዳለው ሦስተኛ ማርሽ የያዘበት ቦታ ነበር። ብዙ ቦታ ግን ሁለተኛ ነው። ከላይ ስንደርስ ከኋላችን የሚወጣው ጭስ እየጠቆረ መጣ።

ጭሱ የሞተር በሽታ ላይሆን ይችላል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር የሚስበው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ መቶኛ ያህል ያጣል ይባላል። ጨንቻ ሲደርስ ከባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ናፍጣው ግን አልቀነሰም፤ በቂ አየር ያላገኘው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው።

ዶርዜ ሳንደርስ አንድ 3.0 ዲ-ፎር-ዲ ከኋላ መጥቶ፣ ትንሽ ጡሩንባ ነፍቶ፣ በቀላሉ አልፎን ሄደ። ጋሼ ዞረው አዩኝ። "እሱስ ስንት ነው?"

"ሦስት ሺህ።"

"የኛስ?"

"ሦስት ሺህ። የኛ እንዲያውም በአራት ሲሲ ይበልጣል።"

አላመኑኝም፤ አልፈርድባቸውም። የዚያኛው 1ኬዲ 2,982 ነው፣ የኛ 5ኤል 2,986። ግን 5ኤል ከ100 የፈረስ ጉልበት እምብዛም አይርቅም፤ 1ኬዲ በተርቦው አየሩን አምቆ እያስገባ ከ160 በላይ ይሰጣል፤ ዳገት ላይም ሳስቶ የመጣውን አየር ተርቦው ስለሚያካክስለት እንደኛ አይደክምም። አዲሶቹ 2.8ቶች ደግሞ በመጠን ከሁለቱም አንሰው በጉልበት ሁለቱንም ያስከነዳሉ። ለፖም ነጋዴ ይህን በመንገድ ላይ ማስረዳት ይከብዳል። መካኒኩ ግን ከፊት ሆኖ አቃለለልኝ፦ "ጋሼ፣ ያኛው ፖምፓው ወይ ኢንጄክተሩ ሲበላሽ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያስኬድዎታል። ይሄንን እኔ እሠራልዎታለሁ።" ጋሼ እዚያ ላይ ዝም ብለው የዶርዜን የቀርከሃ ቤቶች አዩ። ሲያስቡ እንደዚያ ናቸው።

የኔም ፍርድ ከመካኒኩ አይለይም። ለጨንቻ ዳገት 5ኤል ቸኩሎ አይወጣም፤ ግን ይወጣል፤ ሲቆምም በእጅ ይከፈታል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የኤል ሞተሮች ቫልቩን ከፒስቶኑ ጋር የሚያስማማው ቺንጊያ የጎማ ስለሆነ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ቺንጊያው ስንት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሳይጠየቅ መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው፤ ሲገዛም በ5ኤል ስም እንጂ ሊብሬው ላይ ባለው ስም አይደለም።

ጨንቻ ገበያ ዳር ሻይ ቤት ውስጥ ድርድሩ ተጀመረ። ደላላው የ2986ን ዋጋ ጠራ። ጋሼ ሊብሬውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በ2779 መለሱ። ደላላው ሞተሩን አሳየ፤ ጋሼ ወረቀቱን። ክርክሩ አስቂኝ ቢመስልም የያዙት ነገር ከባድ ነው። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ያልገጠመ መኪና ስም ሲዛወር ያስጠይቃል፤ ምርመራ ላይ፣ ፍተሻ ላይ፣ ግጭት ቢደርስ ኢንሹራንስ ላይ፣ ያንኛው ሞተር የት ሄደ፣ ይሄኛው ከየት መጣ ይባላል። መልሱ የተገዛበት ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ሞተር የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

"ደረሰኙ አለህ?" አሉት ሻጩን።

"አለ። ሐዋሳ፣ ወንድሜ ቤት ነው ያለው።"

"እንግዲያው ሐዋሳ ሂድና አምጣው። ሊብሬውን በስምህ አስተካክል፤ ከዚያ በ2986 እንነጋገራለን።"

ደላላው መሀል ገባ፦ "ጋሼ፣ ቀብድ ይስጡትና ይሂድ እንጂ። ሌላ ገዢ ቢመጣስ?"

ጋሼ ሻያቸውን አማሰሉ። "ሌላው ገዢ ቢመጣ" አሉት፣ "ኮፈኑን ክፈትለት።"